አውሎ ነፋስ ወደ የብስ ሲቃረብ ጀማሪ ተንባዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ከባሕር የራቀች ደገኛ ከተማ ናት፤ ሆኖም እዚህ የአየር ትንበያ የማስተምራቸውን ወጣቶች የሕንድ ውቅያኖስን አውሎ ነፋሶች እየተከታተሉ እንዲለማመዱ አደርጋለሁ። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ በበዛባቸው ዓመታት የበልግ ዝናባችን ይዳከማል፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባውም ምሥራቁን የአገራችንን ክፍል በጎርፍ ይመታል።

ከሁሉ በላይ የሚያታግለኝ ስህተት የነፋሱን መሐል በአንድ መስመር አስምሮ፣ መስመሩ የብስን የነካበትን ነጥብ ብቻ መመልከት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የተነሣውን ሳጋር የተባለ አውሎ ነፋስ ለልምምድ ስሰጥ፣ አንድ ተማሪ መስመሩን በባሕረ ሰላጤው ላይ ወደ ምዕራብ ስቦ ሶማሌላንድ ውስጥ ሉጋያ አካባቢ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠ። «ጅቡቲስ?» ስለው «መሐሉ እዚያ አይደርስም፣ መምህር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መሐሉ ጅቡቲ ከተማ አልገባም። ጎርፉ ግን ገብቷል፣ የእኛም ሶማሌ ክልል ከዝናቡ አላመለጠም። አውሎ ነፋስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊሰፋ የሚችል አካል ስለሆነ፣ መሐሉ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ማን እንደሚጎዳ ማወቅ ማለት አይደለም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ብርቱው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው አቅጣጫ በስተቀኝ ይገኛል፤ ሽክርክሩና ጉዞው የሚደጋገፉት በዚያ በኩል ነውና። እንደ ሳጋር ከባሕሩ ዳርቻ ጎን ለጎን የሚጓዝ ሲሆን ደግሞ የአቅጣጫው ጥቂት ማዘንበል የሚያርፍበትን ቦታ እጅግ ያርቀዋል።

በትንበያ ካርታ ላይ በዚያው መስመር ዙሪያ እየሰፋ የሚሄደውን ቅርጽ የአደጋው ወሰን አድርገው የሚያነቡም አሉ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሃሪኬን ማእከል ይህን ቅርጽ የሚሠራው ባለፉት 5 ዓመታት ከታዩት የትንበያ ስህተቶች ተነሥቶ፣ መሐሉ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል በውስጡ እንዲውል አድርጎ ነው። ስለዚህ መሐሉ ራሱ ከቅርጹ ሊወጣ ይችላል፤ ዝናቡና ነፋሱ ወደ የብስ የሚገፋው የባሕር ውሃማ ከመጀመሪያውም በቅርጹ አልተለኩም። እባካችሁ፣ ከቅርጹ ውጭ ያለን ሰው «አይነካህም» አትበሉት።

የጥንካሬ ትንበያ ከአቅጣጫ ትንበያ ይልቅ ይከብዳል። ጋቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሶማሊያ ሐፉን አካባቢ ከመድረሱ በፊት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከደካማ አውሎ ነፋስ ወደ ብርቱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሜክሲኮ አካፑልኮ ላይ ያረፈው ኦቲስም በ24 ሰዓት ገደማ ከደካማ አውሎ ነፋስነት ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ወደ ደረጃ 5፣ ሲወጣ የኮምፒውተር ትንበያ ሞዴሎቹ አላመለከቱም። ባሕሩ ሞቃት፣ በዙሪያው ያለውም ነፋስ ከታች እስከ ላይ ብዙ የማይለያይ ከሆነ፣ ሞዴሉ ዝም ቢልም የመጠንከሩ ዕድል በትንበያው ላይ ይጻፍ።

የደረጃ ቁጥሩ የሚለካው የነፋስን ፍጥነት ብቻ ነው። ፍሬዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሞዛምቢክን አልፎ ማላዊ ሲደርስ ነፋሱ ተዳክሞ ነበር፤ ነገር ግን ብላንታየር አካባቢ ተራሮቹ ላይ ለቀናት የወረደው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚዘንብ ለጎንደር ልጅ መንገር ባላስፈለገ ነበር፤ ሆኖም ካርታ ፊት ሲቀመጥ ይረሳዋል።

የሚያርፍበትን ሰዓት ከባሕሩ የዕለት ሙላትና ጉድለት ጋር ሳያስተያዩ ትንበያ ማውጣት አይገባም፤ ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ካረፈ ነፋሱ የሚገፋው ውሃ ይብሳልና።

የመጨረሻው ስህተት የአውሎ ነፋሱ ክብ ደመና ከሳተላይት ምስል ሲጠፋ ክትትሉን ማቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች በዓረብ ምድር ባለው ሩብ አልኻሊ በረሃ ላይ ያዘነቡት ዝናብ የበረሃ አንበጣ በማይታይ ስፍራ ለወራት እንዲራባ አደረገ፤ መንጋው በተከታዮቹ ዓመታት ኢትዮጵያ ገብቶ የወሎን ገበሬ ሰብል በላ። በረሃ ላይ የወረደው ዝናብ መጠንና ያረጠበው ቦታ ነፋሱ ካለፈ በኋላም ተመዝግቦ፣ አንበጣን ለሚከታተሉ ባለሙያዎች ወዲያው መድረስ አለበት።