ድሬ ላይ የባሕር ውሃ አኳሪየም፦ ካርቦኑን የት፣ መቼ፣ ምን ያህል?

ድሬዳዋ ላይ የባሕር ዓሣ ማኖር ለሚፈልግ ሰው ዋናዎቹ ፈተናዎች ሙቀቱና ውሃው ናቸው። ሁለቱም ኬሚካል ማጣሪያው ላይ፣ ማለትም ከውሃው የሟሟ ቆሻሻ በሚይዙት እንደ ካርቦን ባሉ ነገሮች ላይ፣ ሥራ ያበዙበታል። ስለዚህ ካርቦን ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁን አስተካክሉ።

የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ጠንካራ ውሃ ነው። የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩት፣ ግርጌው ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር ማዕድን ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደግሞ ከገንዳው በየቀኑ ብዙ ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ ነው፣ ጨውነቱም በሃይድሮሜትር (ውሃው ከንጹህ ውሃ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ በሚለካው) 1.025 አካባቢ ላይ እንዲቆይ። ይህን በቧንቧ ውሃ ካደረጋችሁት ማዕድኑ በየቀኑ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ማጣሪያ ብትገዙም አትደርሱበትም። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ አርኦ (RO) ማጣሪያውን፣ ማለትም የቧንቧ ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን የሚያስቀረውን፣ ግዙ። ካርቦኑ ይደርሳል።

አክቲቬትድ ካርቦን ውሃውን ቢጫ የሚያደርገውንና ሽታ የሚያመጣውን የሟሟ ቆሻሻ ይይዛል። አሞኒያና ናይትሬት ግን አያወጣም፣ እሱን ከባክቴሪያውና ከውሃ ቅያሪ ጠብቁ። አቦ፣ አንድ ነገር በጥብቅ ያዙልኝ፦ ከከፊራ ገበያ የተገዛ የምድጃ ከሰል በምንም መልኩ ምትክ አይሆንም። አክቲቬትድ የሚባለው ውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ እንዲኖረው ተብሎ በልዩ ሁኔታ የተሠራ ነው፤ የምድጃው ከሰል ግን ይህ የለውም፣ አመዱንም ይዞ ነው የሚገባው።

ካርቦኑን በወንፊት ጨርቅ ከረጢት አድርጉና በአርኦ ውሃ ባልዲ ውስጥ አወዛውዙት። አትሹት፣ ብታሹት ይደቃል። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ቡና ጠቁሮ ይወጣል። ድፉት፣ እንደገና ሙሉ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ድገሙት። ይህን ሥራ አትዝለሉት፤ ብናኙ እንደ ታንግ ባሉ ዓሦች ጭንቅላትና ጎን ላይ ከሚታየው የቆዳ መቦርቦር ጋር ስሙ ይነሳል። ከዚያ ከረጢቱን ከስፖንጁ በኋላ፣ ውሃው በመሃሉ ለማለፍ የሚገደድበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ጥግ ላይ ከተጣለ ውሃው በጎን ዞሮት ያልፋል፣ ብራችሁም ያለ ሥራ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። ቢጫ የነበረ ውሃ ድንገት ሲጠራ ኮራሎቹ ላይ የሚደርሰው ብርሃን በአንዴ ይጨምራል፣ ይህም ሊያነጣቸው ይችላል። በየ3 እስከ 4 ሳምንቱ ቀይሩት። ማለቁን ለማወቅ ከገንዳው ውሃ በነጭ ባልዲ ቅዱና አዲስ ከተቀመመ የጨው ውሃ ጎን አስቀምጡት፤ የገንዳው ቢጫ ካለ ካርቦኑ ደክሟል።

ጂኤፍኦ የሚሉት፣ የዛገ ብረት ቀለም ያለው ደቃቅ ጠጠር ደግሞ ፎስፌትና ሲሊኬት ይይዛል። ሳትለኩ አታስገቡት። ፎስፌቱ በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም መካከል ከሆነ፣ አልጌም ካላስቸገራችሁ ተዉት። ወደ ዜሮ ማውረድ ጥሩ ነገር አይደለም፣ ኮራልም ትንሽ ፎስፌት ይፈልጋል፣ በፍጥነት ከወረደበት ደግሞ ይጎዳል። እዚህም በግማሽ መጠን ጀምሩና በየጥቂት ቀኑ ለኩ። ሪአክተር (ፓምፕ ውሃ በመሃሉ የሚያሳልፍበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ ላይኛው ፊቱ በቀስታ ንቅንቅ ይበል እንጂ አይናጥ፣ ከተናጠ ዱቄት ይሆናል። ከሪአክተሩ የሚወጣው ውሃ ፎስፌት ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ ዕለት ሥራው አልቋል፣ ቀይሩት።

ለጨው አልባ ገንዳ አሞኒያ ያወጣል ተብሎ የሚሸጠውን ዜኦላይት ለዚህ አትግዙ። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ሶዲየም ቦታውን ስለሚይዝበት አሞኒያውን በቅጡ አይዝላችሁም።

ዓሣ ታሞ መድኃኒት ገንዳው ውስጥ ስትጨምሩ ካርቦኑን አውጡት፣ አለዚያ መድኃኒቱን ይመጥባችኋል። ሕክምናው ሲያበቃ አዲስ ካርቦን አስገቡ፣ የቀረውን ያወጣላችኋል።

መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ከነበረ ሪአክተሩን ወይም ዝግ ማጣሪያውን ዝም ብላችሁ አታስነሱት። ቆሞ የቆየው ውሃ ኦክስጅን አልቆበት ሊበላሽ ይችላል፤ በተለይ በሙቀት ቶሎ ነው የሚሸተው። ቱቦውን ወደ ባልዲ አዙሩና የመጀመሪያውን ውሃ ድፉት፣ ከዚያ መልሱት።