ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ንፍፊት ሲያወጣ “ታይፎይድ ነው” ብላችሁ አትለፉት

“ሄርፒስ” ሲባል ብዙ ሰው ይሸማቀቃል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። ሄርፒስ የአንድ በሽታ ሳይሆን የአንድ ትልቅ የቫይረስ ቤተሰብ ስም ነው፤ ከንፈራችን ላይ ሲወጣ “ምች መታኝ” የምንለውም፣ አልማዝ ባለጭራም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የዛሬው ወሬያችን ኤፕስታይን ባር የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኢቢቪ ነው። በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አዋቂ ይዞታል፤ እንደኛ ባሉ አገሮች ደግሞ ብዙው ሰው የሚያገኘው ገና በልጅነቱ ነው። ስለዚህ የኢቢቪ ምርመራ ውጤት ይዘሽ ስትመጪ ባልሽን አትጠርጥሪ።

“አይጂጂ ፖዘቲቭ” የሚል ወረቀት አይቶ ካንሰር ያዘኝ ብሎ ማልቀስም አለ። ወረቀቱ የሚለው አንድ ወቅት ቫይረሱ ገብቶብሃል ብቻ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ያደፍጣል፣ ቲ ሴሎች ደግሞ ዕድሜ ልክ ይጠብቁታል። ብዙው ሰው እንዲሁ አብሮት ይኖራል።

ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና ግን ተረት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር ቫይረሱን በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያገኙት ከኡጋንዳ ለንደን በተላከ የበርኪት ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ናሙና ውስጥ ነው። ይህ ካንሰር በብዛት የሚታየው ወባ በሚደጋገምባቸው አካባቢዎች ያሉ ሕፃናት ላይ ነው። ቫይረሱ ብቻውን አይደለም፣ ወባው የቲ ሴሎቹን ጥበቃ ሲያላላው ነው ጉዱ።

ንቅለ ተከላ ላይም ነገሩ ያው ነው። ኩላሊት የተተካለት ሰው ታክሮሊመስን የመሳሰለ መድኃኒት የሚወስደው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት ባዕድ ብሎ እንዳይዋጋው ነው፤ ችግሩ መድኃኒቱ የሚያስተኛቸው እነዚያኑ ዘበኞች፣ ቲ ሴሎቹን መሆኑ ነው። ያኔ ኢቢቪ ያለባቸው ቢ ሴሎች ከልካይ አጥተው ይባዛሉ፣ ጥቂት ሰዎች ላይም ወደ ሊምፎማ ይቀየራሉ። ምልክቶቹ፦ ትኩሳት፣ አንገት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ። እኛ ሰፈር ይሄ ሁሉ ስሙ “ታይፎይድና ታይፈስ” ነው፤ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ተገዝቶ ይዋጣል። ለምሳሌ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደም ውስጥ ያለውን ታክሮሊመስ ከፍ ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳል። ሐኪምህ ሳያውቅ ምንም አትዋጥ፣ ዳማከሴም ቢሆን።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሊምፎማው ሲገኝ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት የመከላከያ አቅም የሚያዳክመውን መድኃኒት መቀነስ ነው፤ ካልበቃ ሪቱክሲማብ የሚባል፣ ቢ ሴሎችን የሚያጠፋ መድኃኒት ይከተላል። ይህን የሰማ ሰው በራሱ ኪኒኑን ያቋርጣል። ወንድሙ በለገሰው ኩላሊት እየቀለደ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ለሌሎች ሄርፒሶች የሚታዘዘው አሲክሎቪርም አይፈታውም፣ ያደፈጠውን ቫይረስ አይነካውም። ብዙዎች የሚያምታቱት ከሲኤምቪ (ሳይቶሜጋሎቫይረስ) ጋር ነው፤ ሲኤምቪ የዚሁ ቤተሰብ አባል ቢሆንም ቫልጋንሲክሎቪር የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አለመጠየቅም ሌላው ስህተት ነው። በጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ለጋሹ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው፣ ሕንድ ሄዶ የሚያሠራውም ቢሆን ወንድም ወይም እናት ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ኢቢቪ ይመርመሩ። ከፍተኛው አደጋ ያለው ለጋሹ ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ከሌለበት ነው፣ በተለይ ተቀባዩ ልጅ ሲሆን።

በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚከታተል ሰው ደግሞ ላብራቶሪ አይቀያይር። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ዛሬ ጨምሯል የተባለው የማሽኑ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ካልሆነልህ ውጤቱ ላይ የላብራቶሪውን ስምና ቀኑን ጻፍበት፣ አሮጌዎቹንም ወረቀቶች አትጣል።