የኩላሊት ደም መፍሰስን ስንመረምርና ስናክም የምንሠራቸው ስህተቶች

በሐረርና በድሬዳዋ ተረኛ ሆነው የሚያድሩ ወጣት ሐኪሞች ደጋግመው ሲሠሩት እያየሁ ዝም ማለት ያቃተኝ ስህተት የኩላሊትን ጉዳት በሽንት መልክ መለካት ነው። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ባጃጁ የተገለበጠበት አንድ ወጣት ግራ ጎኑን በእጁ ደግፎ መጣ፤ በካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ የሽንት መቀበያ ቱቦ) የወጣው ሽንት የጠራ ስለነበር ካርዱ ላይ «ኩላሊቱ ደኅና ነው» ተብሎ ተጻፈ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስደርስ ግንባሩ በቀዝቃዛ ላብ ርሷል፣ የልብ ትርታው በደቂቃ 128 ገብቷል፣ የሽንት ከረጢቱ ግን አሁንም ቢጫ ነበር። ሲቲ ስካኑ ኩላሊቱን የሚመግበው ዋናው የደም ሥር መበጠሱን አሳየን። ደም የማይደርሰው ኩላሊት ሽንት አያጣራም፤ እኛን ያዘናጋን የጠራ ሽንት ከቀኝ ኩላሊቱ የመጣ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ የረጋ ደም ከኩላሊቱ ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ ስለሚዘጋው ደሙ ሳይቆም ሽንቱ ይጠራል፤ ቀላል ግጭት በበኩሉ ሽንቱን ደም ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከረጢቱን ከማየታችሁ በፊት ሰውየው እንዴት እንደወደቀ ጠይቁ፣ ልብሱን ገልጣችሁ ጎኑ ላይ መበለዝና እብጠት ፈልጉ፣ የልብ ትርታውን በየ15 ደቂቃው ራሳችሁ ቁጠሩ። ሁለቱ ኩላሊቶች በየደቂቃው አንድ ሊትር ያህል ደም ይቀበላሉና የጠፋ ሰዓት በቀላሉ አይመለስም።

በድንገተኛ ክፍል የሚሠራው አልትራሳውንድ «ፈሳሽ የለም» ሲል መረጋጋትም ያው ስህተት ነው፤ ኩላሊት የሚገኘው ከሆድ ዕቃ ከረጢት በስተጀርባ ስለሆነ በዙሪያው የተጠራቀመ ደም ከዚህ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። የመጀመሪያው ሄሞግሎቢንም (የደም ማነስ የሚለካበት የደም ምርመራ) ገና ስለማይወርድ ብቻውን አይታመን። የደም ግፊቱ የወደቀን ሰው ለሲቲ ስካን ብሎ ከከተማ ከተማ በአምቡላንስ መላክ ፈጽሞ አይገባም። የተረጋጋውን ሕመምተኛ ግን ላኩት፤ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚነሳው ዘግይቶ የሚታይ ምስል ከቀረ ከተጎዳው ኩላሊት የሚያፈስ ሽንት ሳይታይ ይቀራል።

በድሬዳዋ ሙቀት የኩላሊት ጠጠር ብዙ ስለሚያጋጥመን ጎኑን የያዘ ሁሉ ጠጠር ይመስለናል። አንዲት ነፍሰ ጡር በድንገት ጎኗን አሟት መጥታ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ተወግታ ወደ ቤቷ ተሸኘች፤ ሌሊቱን ራሷን ስታ ተመለሰች። ኩላሊቷ ላይ የነበረ፣ ስብና የደም ሥር የተቀላቀለበት ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ፈንድቶ ነበር። ይህ ዕጢ በተለይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥና በእርግዝና ጊዜ የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። የዓይኗን ሽፋን ገልጦ ያየ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ የደም ማነሷን ያውቅ ነበር፤ ዳይክሎፌናክም ለነፍሰ ጡር ባልተሰጠ፣ ለሚደማም ሰው ባልተጨመረ።

ለመክፈት መቸኮልን በሚመለከት ጥፋቱ የእኔም ነው። በሬዚደንትነቴ (በስፔሻሊቲ ሥልጠናዬ) ዘመን፣ ግፊቱ የተረጋጋ ሕመምተኛ ሆድ ከፍቼ ሳለ በኩላሊቱ ዙሪያ ያለውን፣ የማያድግና የማይመታ የደም ክምችት አይቼ ሽፋኑን ቀደድሁት። ደሙን አፍኖ ይዞት የነበረው ያ ሽፋን ነበርና ሲከፈት ጎርፍ ሆነ፤ ኩላሊቱን ከማውጣት በቀር ምርጫ አልቀረኝም። ዛሬ ብዙዎቹን የግጭት ጉዳቶች በአልጋ ዕረፍት፣ በደምና በቅርብ ክትትል እናድናቸዋለን፤ ቢላዋ የሚነሳው ደም እየተሰጠው እንኳ ግፊቱ ለማይቆም ሰው ነው። በደም ሥር ገብቶ የሚደማውን ቦታ መድፈን ሌላው መንገድ ነው፤ አገልግሎቱ በአቅራቢያ ስለማይገኝ ግን ሪፈሩን የምታስቡት ገና ሕመምተኛው ተረጋግቶ ሳለ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው በመውጫ ቀን ነው። ከጉዳቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ የተዳከመ የደም ሥር ፈንድቶ እንደገና ሊደማ ስለሚችል፣ ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ ሽንቱ ዳግም ከቀላ ወይም ጎኑን ካመመው እስከ ቀጠሮው ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት እንዲመጣ ከአስታማሚው ፊት ንገሩት፤ ከባድ ዕቃ ማንሳትንም ከልክሉት።