ሲኤ 125 ከፍ ሲል ምን እናድርግ?

እህታችሁ ሆዷ አብጧል፣ ከስታለች፣ ማታ ማታ ያልባታል። ደም ሰጥታ ሲኤ 125 የሚባለው የደም ፕሮቲን ምርመራ 500 ሆኖ መጣ እንበል። ቤቱ በለቅሶ ከመሞላቱ በፊት ቆም በሉ። ይህ ፕሮቲን በእንቁልጢ ካንሰር ጊዜ ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። ግን የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በሌላ ምክንያት ሲቆጣም ይጨምራል፤ እኛ አገር ደግሞ ይህን ሽፋን ከሚያስቆጡት አንዱ የሆድ ቲቢ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እዩት። የተለመደው ወሰን 35 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። በሆድ ቲቢ ግን ውጤቱ በመቶዎች ሊቆጠር፣ አንዳንዴም ከ1,000 ሊያልፍ ስለሚችል ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ካንሰር ነው አይባልም።

ከዚያ ለሐኪሙ ምንም ሳትደብቁ ንገሩ። ቤት ውስጥ የቲቢ ታማሚ ነበር? ኤችአይቪ አለ? ደሙ ሲወሰድ ወር አበባ ላይ ነበረች? እርጉዝ ናት? የጉበት ወይም የልብ ድካም አለባት? እነዚህ ሁሉ ሲኤ 125ን ከፍ ያደርጋሉ ወይም ሐኪሙ የሚጠረጥረውን ይቀይራሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስድ ከሆነም ይነገር፣ አንዳንድ የላብራቶሪ ማሽኖችን ያሳስታል።

ዋናው ነገር ሆዷን አሳብጦ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ነው። ሐዋሳ ከሆናችሁ ሪፈራል ስትሄዱ ውሃው ተቀድቶ ይመርመር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። የካንሰር ሴል አለበት ወይ ተብሎ ይታያል፣ ኤዲኤ የሚባል ኢንዛይም ይለካበታል (ከ39 ገደማ በላይ ከሆነ ወደ ቲቢ ያደላል)፣ የቲቢን ተህዋስ ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የሚባል ምርመራም ይሠራበታል። ጂን ኤክስፐርቱ ኔጌቲቭ ቢሆንም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ በሆድ ውሃ ላይ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ጥርጣሬው ካልጠራ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብቶ ከሽፋኑ ቁራሽ ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ክፍል (ፓቶሎጂ) መላክ ነው፣ የሚለየውም እሱ ነው። ትልቅ ቀዶ ጥገና ከታሰበ ከዚያ በፊት ይህ ተሠርቷል ወይ በሉ። አንዳንዱ ናሙና አዲስ አበባ ሊላክ ስለሚችል መቼ እንደሚመለስ አስጽፉ፣ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ቀኑ ሲደርስ ሄዳችሁ ጠይቁ እንጂ ይደውሉልን ብላችሁ አትቀመጡ።

ለካንሰር ለሚደረጉ ሌሎች የደም ምርመራዎችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ለወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር የሚታየው ፒኤስኤ በፕሮስቴት ኢንፌክሽንም ይጨምራል። ለፓንክሪያስ ካንሰር የሚታየው ሲኤ 19-9 ደግሞ የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ወይም ጣፊያ አጠገብ ያለው ፓንክሪያስ ሲቆጣ ከፍ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጣው ይታከምና ምርመራው ይደገም።

ቲቢ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ሲኤ 125 በሕክምናው እየወረደ ይሄዳል። ሲደገም እዚያው የመጀመሪያው ላብራቶሪ ይሁን፣ ማሽኑ ከተለያየ ቁጥሮቹን ማወዳደር ያስቸግራል።