ፍላሽ ላይ ያለ ብራውዘር እንዳይንቀራፈፍም እንዳያሳጣችሁም

ፖርተብል ብራውዘር ያው እንደምታውቁት ኢንስቶል ሳይደረግ ከፍላሽ ላይ ቀጥታ የሚከፈት ነው፣ ቡክማርኩም ፓስወርዱም ኤክስቴንሽኑም እዛው ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የራሳችሁን ብራውዘር ትከፍታላችሁ። ግን ብዙ ሰው ያወርደውና ፍላሽ ላይ ይወረውረዋል፣ ትንሽ ሞክሮት «ኧረ ይሄ ነገር ይጎተታል» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የብራውዘሩ አይደለም። ማንኛውም ብራውዘር ሲሰራ ሳያቋርጥ ይጽፋል፣ ካሽ (የከፈታችሁትን ገጽ ቅጂ) ይጽፋል ሂስትሪ ይጽፋል ኩኪ (ሳይቶች እናንተን የሚያስታውሱበት ትንሽ መረጃ) ያስቀምጣል የተከፈቱ ታቦችን ይመዘግባል፣ ፍላሽ ደሞ አንድ ትልቅ ፋይል ማንበብ ላይ ጎበዝ ሆኖ ትናንሽ ነገር በብዛት መጻፍ ላይ ደካማ ነው። ስለዚ ከዚ በታች የምላችሁ አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ ፍላሹ ላይ የሚጻፈውን መቀነስ ነው። ያልተጻፈ ነገር ደሞ ፍላሹ ቢጠፋም ማንም እጅ አይገባም።

የቱን ብራውዘር ልያዝ ለሚል፣ እኔ ፋየርፎክስ ነው የምለው። ክሮም ዊንዶውስ ላይ ፓስወርድ የሚቆልፍበት ቁልፍ ከዛ ኮምፒውተር የዊንዶውስ አካውንት ጋር የተሳሰረ ነው፣ ሌላ ማሽን ላይ ስትሰኩት ሴቭ ያረጋችሁት ፓስወርድ አይከፈትላችሁም፣ ታዲያ ምኑን ፖርተብል ሆነ? ፋየርፎክስ ግን ቁልፉንም ራሱ ፕሮፋይሉ (የናንተ ቡክማርክ፣ ፓስወርድና ቅንብር ያለበት ፎልደር) ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ፎልደሩ የሄደበት አብሮ ይሄዳል። ይሄ ምቾቱ ነው፣ አደጋውም እሱው ነው፣ እመለስበታለሁ። ሌላው ደሞ ክሮም የድሮውን የኤክስቴንሽን አሰራር ስላቆመ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ እዛ ላይ አይሰራም፣ ላይት የሚባለው ብቻ ነው ያለው፣ ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው አለ።

የሚወርደው ፖርተብል አፕስ ዶት ኮም ከሚባለው ሳይት ነው። ሰው «ክራክ አድርጌ አሻሽዬ» ብሎ በቴሌግራም ከሚበትነው ራቁ፣ ፓስወርዳችሁን የምትሰጡት ፕሮግራም ነው እኮ። ያወረዳችሁት ፋይል ሲከፈት ኢንስቶለር ይመስላል ግን ፍላሹ ላይ ፎልደር ከመበተን ውጪ ምንም አያደርግም። ውስጡ አፕ፣ ዳታ እና አዘር የሚባሉ ፎልደሮች ታገኛላችሁ። አፕ ፕሮግራሙ ነው፣ ቢጠፋም እንደገና ይወርዳል። ዳታ ግን እናንተ ናችሁ፣ ፕሮፋይሉ ያለው እዛ ውስጥ ነው። የምትገቡባቸው ማሽኖች ዊንዶውስ 7 ወይ 8 ከሆኑ አዲሱ ፋየርፎክስ አይሰራባቸውም፣ 115 የሚለውን ኢኤስአር (ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ተብሎ የሚወጣ እትም) ፈልጉ።

ፍላሹን በተመለከተ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ፍጥነት አትሸወዱ፣ እሱ ለትልቅ ፋይል ነው። ትናንሽ ፎቶዎች በብዛት ያሉበት ፎልደር ኮፒ አድርጉበትና እዩት፣ መጀመሪያ ሽው ብሎ ከዛ ወደ ኪሎባይት ወርዶ የሚያነክስ ከሆነ ብራውዘሩም እንደዛው ነው የሚያነክሰው። ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ያለው ሰው ይሄን ፓራግራፍ ይዝለለው።

አሁን ወደ ዋናው። አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት ኮለን ኮንፊግ ብላችሁ በላቲን ፊደል (about:config) ጻፉና ኢንተር በሉ፣ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ተቀብላችሁ ግቡ። ሰርች ማድረጊያው ላይ የስሙን ቁራጭ መጻፍ ይበቃል። መጀመሪያ ብራውዘር.ካሽ.ዲስክ.ኢኔብል (browser.cache.disk.enable) የሚለውን ፈልጉና ፎልስ አድርጉት። ይሄ ማለት ገጾችን ዲስክ ላይ ማከማቸት ያቆማል፣ ራም ላይ ብቻ ይይዛል፣ ብራውዘሩ ሲዘጋ ይጠፋል። አንዳንዱ ፖርተብል ፓኬጅ ይሄን አጥፍቶት ነው የሚመጣው፣ ግን አይታችሁ አረጋግጡ፣ ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ጉዳቱ ብራውዘሩን በከፈታችሁ ቁጥር ሁሉም ነገር ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ይወርዳል፣ ዳታችሁ በሜጋባይት የሚቆጠር ከሆነ አስቡበት። እኔ ለዳታ ስል ፍላሹን ከማሰቃይ አድብሎከሩ ይቆጥብልኝ ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ብራውዘር.ሴሽንስቶር.ኢንተርቫል (browser.sessionstore.interval) አለ። ብራውዘሩ ቢዘጋባችሁ የነበሩትን ታቦች መልሶ እንዲከፍት በየተወሰነ ጊዜ ታቦቹን በሙሉ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ሳትነኩት 15000 ነው፣ በሚሊሰከንድ ስለሆነ በየ15 ሰከንዱ ማለት ነው። ታብ የምታበዙ ከሆናችሁ ይሄ ፋይል ትንሽ አይደለም። 60000 አድርጉት፣ ወይ ከዛም በላይ። የምታጡት ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው፣ ይሁና።

እነዚን ቅንብሮች ሌላ ፍላሽ ላይ ስትሰሩ ደግማችሁ መልፋት ካልፈለጋችሁ ዩዘር ዶት ጄኤስ (user.js) የሚባል የጽሁፍ ፋይል በኖትፓድ ሰርታችሁ ፕሮፋይል ፎልደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ብራውዘሩ በተከፈተ ቁጥር አንብቦ ያስተካክላል። ከዚ ውጪ ኢንተርኔት ላይ «ፋየርፎክስን 10 እጥፍ የሚያፈጥን» እያሉ መቶ መስመር የሚለጥፉት አለ አይደል፣ አትገልብጡት፣ ግማሹ አሁን የሌለ ሴቲንግ ነው ግማሹ ደሞ ገጽ ያበላሻል።

ራም አነስ ያለበት ማሽን ላይ ሲከብድባችሁ አባውት ኮለን ፕሮሰስስ ክፈቱ፣ የትኛው ታብ ስንት ሜጋባይት እንደያዘ ሲፒዩውን ማን እየበላ እንደሆነ በስሙ ያሳያችኋል፣ እዛው ሆናችሁ ትዘጉታላችሁ። ሂስትሪ ለረጅም ጊዜ አጠራቅማችሁ አድራሻ ስትጽፉ ማሰብ ከጀመረ ደሞ አባውት ኮለን ሰፖርት ገብታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ፕሌስስ ዳታቤዝ የሚል ክፍል አለ፣ ቬሪፋይ ኢንተግሪቲ የሚለውን ተጫኑ፣ የሂስትሪና ቡክማርክ ፋይሉን ይፈትሻል ያጠራዋል፣ ሲጨርስ የሰራውን ከስሩ ይዘረዝራል።

ኤክስቴንሽን ላይ ቆጥቡ። ዩብሎክ ኦሪጅን በቂ ነው፣ ማስታወቂያና ትራከር ገና ሳይወርድ ስለሚያግደው ገጹም ይፈጥናል የሚከታተላችሁም ይቀንሳል። ከሱ ሌላ ሶስት አራት አድብሎከር መደራረብ ያዘገያል እንጂ አይጠቅምም። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ጋር ስትገቡ የትራኪንግ መከላከያውን ስትሪክት ላይ አድርጉት፣ ኤችቲቲፒኤስ ኦንሊ (በተቆለፈ ግንኙነት ብቻ ክፈት) የሚለውን ለሁሉም ዊንዶው አብሩ፣ ወደ ሞዚላ ዳታ የሚልከውን ቲክ አንሱ። ዲኤንኤስ ኦቨር ኤችቲቲፒኤስ የሚለውንም ጨምሩ፣ የሰው ዋይፋይ ላይ ስትሆኑ የየትኛውን ሳይት ስም እንደጠየቃችሁ እንደ ድሮው በግልጽ አይታይም፣ ሙሉ መደበቂያ ግን አይደለም። ሪዚስት ፊንገርፕሪንቲንግ የሚባለውን (ሳይቶች በኮምፒውተራችሁ ባህሪ እንዳይለዩአችሁ የሚሞክረውን) ግን ዝም ብላችሁ አታብሩ፣ ሰዓታችሁን ለሳይቶች ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) አድርጎ ነው የሚነግረው፣ ቀጠሮና ካላንደር ሲዛባባችሁ ምክንያቱን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። እንደዛ አይነት መደበቅ ከምር የሚያስፈልገው ሰው ቶር ብራውዘርን ይያዝ፣ እሱም ከፍላሽ ይሰራል።

ፍላሹ ቢጠፋስ? ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ዳታ ፎልደሩን ኮፒ ያደረገ ሰው ሎጊንስ ዶት ጄሰን እና ኪይ4 ዶት ዲቢ የሚባሉትን ፋይሎች አገኘ ማለት ነው፣ አንዱ የተቆለፉት ፓስወርዶች ሌላኛው መክፈቻው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ ብራውዘሩን ከፍቶ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። መድሀኒቱ ፕራይመሪ ፓስወርድ (ሴቭ ያረጋችሁትን ፓስወርድ በሙሉ የሚቆልፍ አንድ ዋና ፓስወርድ) ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ፓስወርዶች ጋር ታገኙታላችሁ፣ ረዘም ያለ አድርጉት። ኩኪውን ግን እሱ አይቆልፈውም፣ ሎግ ኢን ሆናችሁ የተዋችሁት ኢሜይል በኩኪው ብቻ ሊከፈት ይችላል። ስለዚ ወይ ብራውዘሩ ሲዘጋ ኩኪና ሂስትሪ እንዲያጠፋ አድርጉ፣ ወይ ፍላሹን በሞላ ኢንክሪፕት አድርጉት፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ ቆልፉት። ቢትሎከር ቱ ጎ የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ ለዊንዶውስ ይመቻል፣ ለማዘጋጀት ፕሮ ዊንዶውስ ይፈልጋል ለመክፈት ግን ሆምም ይበቃዋል። ቬራክሪፕት የሚባለው ሌላ መቆለፊያ ፕሮግራም ጥሩ ነው ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ ለመክፈት የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ የላችሁም።

የሰው ማሽን ላይ ስትሰኩ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከ120ኛው እትም ጀምሮ ፋየርፎክስ ዊንዶውሱ ላይ የተጫኑ ሰርተፊኬቶችን (የሳይት ማንነት ማረጋገጫዎችን) ሳይጠይቅ ያምናል። መስሪያ ቤት ወይ ትምህርት ቤት ትራፊክ ለመፈተሽ የራሱን ሰርተፊኬት ጭኖ ከሆነ የናንተ ብራውዘር ከናንተ ፍላሽ ተነስቶ እሱንም ያምነዋል፣ ቁልፏ ምልክት እንደወትሮዋ ትታያለች፣ መሀል ላይ ያለው ግን ሁሉንም ያነባል። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ሰርተፊኬትስ የሚለው ጋር ይሄን የሚፈቅደውን ቲክ አንሱት። ከዛ በኋላ እንደዚ አይነት ኔትወርክ ላይ ስትገቡ ገጾች ኤረር ይሰጣሉ፣ ኤረሩን አልፋችሁ አትግቡ፣ የምትፈልጉት መልስ እሱ ነው። አባውት ኮለን ፖሊሲስንም አንዴ እዩት፣ የማሽኑ ባለቤት ለፋየርፎክስ ያስቀመጠው ትእዛዝ ካለ የናንተንም ይገዛዋል፣ እዛ ላይ ተዘርዝሮ ይታያል።

ሌላው፣ ዊንዶውስ ፍላሽ መሰካቱን ሬጂስትሪ በሚባለው የራሱ መዝገብ ውስጥ ይመዘግባል፣ የከፈታችሁትን ፕሮግራም ስምም ፕሪፌች በሚባል ፎልደር ውስጥ ሊያስቀር ይችላል። ኪይቦርዱን የሚቀዳ ነገር ካለ ደሞ ፖርተብልም ሆነ ፕራይቬት ዊንዶው አያድናችሁም። የማታምኑት ማሽን ላይ ባንክ አትክፈቱ፣ አለቀ። ዳውንሎድም «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» ላይ አድርጉት፣ ትልቅ ፋይል ፍላሹ ላይ እየወረደ ብሮውዝ ማድረግ ያማርራል፣ የሰው ዲስክ ላይ ካወረዳችሁ ደሞ ስትሄዱ አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር።

ስትጨርሱ ዊንዶውን ዘግታችሁ ወዲያው አትንቀሉ፣ ከኋላ ገና የሚጽፈው አለው። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዛ ኢጀክት በሉት፣ አሁንም ስራ ላይ ነው ካላችሁ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፋየርፎክስ መውጣቱን እዩ። በየጊዜው ብራውዘሩ በተዘጋበት ዳታ ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ በተለይ አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት። አዲሱ ፋየርፎክስ የነካውን ፕሮፋይል አሮጌው አልከፍትም ስለሚል አፕዴቱ ካልተስማማችሁ በደህና መመለስ የምትችሉት በዚች ዚፕ ነው።