ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በሳይክል፦ የሲራራ ነጋዴዎችን አገር በሦስት ቀን

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። ከተማውን ለቆ እስከ ጎንደር የሚነዳ ግን ጥቂት ነው። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አስፋልት ነው። ድሮ ከጎጃም የተነሳ ሲራራ ነጋዴ፣ ማለትም በቡድን ሩቅ አገር የሚጓዝ ነጋዴ፣ ቡናውን፣ ወርቁንና ከጥርኝ የሚገኘውን ሽቶ ዝባዱን በአጋሰስ ጭኖ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ የሚያልፍበት አገር ነው። ሰውም ለባርነት ተነድቶበታል። ይህን ሳላስብ ማለፍ ይከብደኛል።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ቀን ከጎንደር የገባ ሹፌር ፈልጉ። «ዛሬ ይቅር» ካላችሁ ይቅር። ደህና ከሆነም ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ክረምት ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል።

ማርሽ ያለው ሳይክል ያዙ። ለከተማ የሚበቃው ለዳገቱ አይበቃም። ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞክሩት። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ የሳይክል የውስጥ ጎማ ግን ላይኖረው ይችላል። ሁለት መለዋወጫ፣ ማስቲሽና ፖምፓ ያዙ።

ስንቅ ላይ በሶን የሚያህል የለም። ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠዋት በማር በጥብጣችሁ በጠርሙስ ያዙት፤ የቀረውን ደረቁን ቋጥሩ። ነጋዴዎቹም ያለ ምክንያት አልያዙትም።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው ባለ 380 ሜትር ድልድይ ዓባይን ተሻገሩ። ሐሙሲት ቁርስ ብሉ። ከዚያ ሜዳው፣ ሩዙና የፎገራ ከብት ነው። ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉልበት ቢተርፋችሁም እደሩባት።

ሁለተኛውን ቀን አታጣድፉት። ርብን ከተሻገራችሁ በኋላ አዲስ ዘመን አካባቢ ይፋግን ታገኛላችሁ። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የጎጃምና የጎንደር ነጋዴ የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ነበረች። መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተራራ ወጥቶ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ከሳይክል ወርዳችሁ ገበያው ውስጥ በእግር ሂዱ። ጥላ ስር የተቀመጡ አባቶች ካሉ ሰላምታ ስጡና ስለ ድሮው ገበያ ጠይቁ። እኔ የዚህን መንገድ ታሪክ የወደድኩት እንዲህ ቆሜ ሳዳምጥ ነው።

ቀጥሎ ዳገት ይመጣል። ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ፤ እግራችሁ ከዛለ በኋላ መቀነስ አይጠቅምም። እንፍራንዝ አካባቢ ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ ከፋሲል ግንብ ይቀድማል። ሳይክሉን ለአንድ ሰው አደራ ሰጥታችሁ ውጡ። ማደሪያችሁ እንፍራንዝ ይሁን።

በሦስተኛው ቀን ማክሰኝት ላይ ውሃ ሙሉ። ከአዘዞ በኋላ ያለው ዳገት ጉልበት ይጨርሳል። ወርዳችሁ ብትገፉትም ምንም አይደለም፤ ነጋዴውም ከበቅሎው ጎን በእግሩ ነበር የሚሄደው።

ለመመለስ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጫኑት። ሒሳቡን ግን ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተስማሙ፤ የፊት ጎማውንም ራሳችሁ ፍቱት።