ኮምፒውተራችሁ በሰማያዊ ስክሪን እየጠፋ ነው? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ስትል ላፕቶፗ በየሰዓቱ ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ ይጠፋባት ጀመር። ጥገና ቤት ወሰደችው። ፎርማት አደረጉላት። ሳምንት ሳይሞላው ያው ችግር ተመለሰ። አሁንም ፎርማት። እኔ ጋ ስታመጣው ከጽሑፏ ሁለት ምዕራፍ ጠፍቷል። የታመመው ደግሞ ዊንዶውሱ አልነበረም፤ ከሁለቱ ራሞች (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃውን ለጊዜው ከሚይዝባቸው ካርዶች) አንዱ ነበር። የተበላሸ ራም በፎርማት አይድንም።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 እንዲህ ሲያስቸግር ቀድመው የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፤ ያረጀ ወይም የማይስማማ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም)፣ አለዚያም ራም። ሁለቱን መለየት ቤታችሁ ሆናችሁ የምትችሉት ነገር ነው።

1. ፋይላችሁን አውጡ

ከሁሉም በፊት አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ራሙ ከተበላሸ ሲገለበጥም ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት። ዋናውን አታጥፉ።

2. ስክሪኑ የሚለውን አንብቡ

ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። (አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ላይ ጥቁር ሆኗል።) ከታች የስህተቱ ስም አለ፤ አንዳንዴም ያጠፋው ፋይል ስም ይጻፋል። የፋይሉ ስም በእንግሊዝኛው «ኤን ቪ» ከጀመረ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ድራይቨር ነው። በ«አር ቲ» ከጀመረ ብዙ ጊዜ የሪልቴክ ነው፤ የኔትወርክ ወይም የድምፅ።

ፎቶ ሳታነሱ ካመለጣችሁ፣ ስታርት ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። የሚከፈተው ገጽ ኮምፒውተሩ የወደቀባቸውን ቀኖች በቀይ ምልክት ያሳያችኋል።

አሁን ስህተቶቹን አነጻጽሩ። ሁሌ አንድ ዓይነት ስህተት ከሆነ፣ ወይም ቪዲዮ ስትከፍቱና ዋይፋይ ስታገናኙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ድራይቨር ጠርጥሩ። ዛሬ አንድ ስህተት፣ ነገ ሌላ፣ አንዳንዴ ምንም ሳትነኩት የሚወድቅ ከሆነ ራሙን ጠርጥሩ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ በአራት ቀን አራት ዓይነት ስህተት ነበር ያወጣው።

3. ድራይቨሩን ማስተካከል

ስታርትን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ካለ ከእሱ ጀምሩ። የጠረጠራችሁትን ዕቃ በቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ድራይቨር» የሚለውን ንኩ። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ «ሮል ባክ ድራይቨር» ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ድራይቨሩ ያረጀ ከሆነ ግን አዲሱን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርዱ፤ ሞዴሉ ከላፕቶፑ ሥር ተጽፏል። በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረውን የድራይቨር ጥቅል አልመክርም። ለእናንተ ሞዴል ያልተሠራ ድራይቨር ይጭንባችሁና አዲስ ችግር ይፈጥራል።

የዊንዶውስ የራሱ ድራይቨሮች ላይ 2006 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ። ማይክሮሶፍት ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ የአምራቹ ድራይቨር ቀን ሁሌ ከእሱ የበለጠ አዲስ ሆኖ እንዲመረጥ።

ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚወድቅ ከሆነ በሴፍ ሞድ አስነሱት። የመግቢያው ገጽ ላይ ሺፍትን ተጭናችሁ ሪስታርት በሉት። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» እያላችሁ ሂዱና ሪስታርት አድርጋችሁ 4 ቁጥርን ንኩ። ሴፍ ሞድ የግድ ከሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ውጪ አይጭንም። እዚያም ከወደቀ ጥርጣሬው ወደ ራም ያደላል።

4. ራሙን መፈተሽ

ስታርት ላይ «ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉ። ሪስታርት አድርጎ ይፈትሻል፤ ውጤቱን ተመልሳችሁ ስትገቡ ያሳያችኋል። ይህ መሣሪያ ግን ችግር እያለም «የለም» ሊል ይችላል። እኔ የማምነው ሜምቴስት 86 ፕላስን ነው። ነጻ ነው፤ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይሠራል። ማታ አስጀምራችሁ እስኪነጋ ተዉት፤ ቢያንስ 4 ዙር ይጨርስ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ባትሪውንም ሞልታችሁ ጀምሩ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከመጣ ራሙ ወይም መሰኪያው ችግር አለበት።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቁ። የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ብረት ነክታችሁ በእጃችሁ ያለውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ አውጡ። ላፕቶፕ ላይ ራሙን የያዙትን ሁለት ቅንጥቦች ወደ ጎን ስትገፏቸው ራሙ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ብናኙን አራግፉ፣ በደንብ መልሳችሁ ሰኩት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። (አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት።)

ካልበቃ አንድ አንዱን ብቻ እየሰካችሁ ፈትሹ። አንዱ ራም በየትኛውም መሰኪያ ላይ ስህተት ካወጣ የተበላሸው እሱ ነው። የትኛውም ራም አንድ መሰኪያ ላይ ብቻ ከወደቀ ግን ችግሩ ቦርዱ ላይ ነው፤ ራም መግዛት አይጠቅማችሁም።

አዲስ ልትገዙ ስትሄዱ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች በጥርሶቻቸው መሃል ያለው መቆረጫ የተለያየ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሻጩን ለፍተሻ አንድ ቀን ስጠኝ በሉትና ያንኑ የማታ ፍተሻ አሠሩት፤ ያገለገለ ራም ከሆነ በተለይ። የአክስቴ ልጅ አዲሱን እስክትገዛ በደህናው ራም ብቻ ሠራች። ላፕቶፑ ቀርፋፋ ሆነባት እንጂ አንድም ቀን አልወደቀም፤ የጠፉትን ሁለት ምዕራፎች መልሳ የጻፈችውም በእሱ ነው።